ቫኒላ የሸተተ ጉልበት

ፈትለወርቅ ጠርሙሱን ከጎታው ጀርባ ያስቀመጠችው በሚሊኒየሙ ዓመት፣ በመስቀል ሰሞን ነው። አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ፈትለወርቅ ለምትሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት የቫኒላ ፍሬ ትታ ሄዳ ነበር፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ እንደ ደረቀ የባቄላ ቆባ ያለ። በቢላ ሰነጠቀችና ዳግም በወጣ አረቄ ዘፈዘፈችው። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራው አረቄ ለገና የማር መልክ ያዘ።

የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ምናለ፣ «የገና ኬክሽ እንግዶቹን ካስደሰተ የኬክ ሥራው ያንቺ ነው፤ አለዚያ ከደሴ ጋጋሪ አስመጣለሁ» ብሏታል።

የገና ዕለት ከቅዳሴ ወጥታ ቤት ስትገባ ጠርሙሱ የለም።

«እማማ፣ ከጎታው ጀርባ የነበረው ጠርሙስስ?»

«ለአባባ ገብረ ሊባኖስ ሰጠኋቸው» አሉ አማቷ ወለተ ሐና። ሽማግሌው ለገና ከኩልመስክ መጥተው ቤታቸው ያደሩ ተሳላሚ ናቸው። «ጉልበታቸው አብጦ ሲያቃስቱ፣ ሥር የተዘፈዘፈበት መድኃኒት መስሎኝ አሸሁላቸው። የቀረውን ስንቅ አስያዝኳቸው።»

«ለኬኬ ነበር እኮ!»

«አረቄ ለኬክ? ኬክ ደግሞ መቼ ጀምሮ ነው የሚሰክረው?» ሳቁ። ፊቷን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። «አይ ልጄ፣ ለተሳላሚ የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር ነው።»

ነውርነቱን እሷም ታውቃለች። ቢሆንም ወደ ኩልመስክ በሚወስደው በገነተ ማርያም መንገድ ተከትላቸው ወረደች። መንገዱ ጋቢ ለባሽ ብቻ ነው፤ ማን ከማን ይለያል? ከአንድ ወይራ ሥር ግን ሽታው ጠራት። አባባ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«የወለተ ሐና ምራት! ጉልበቴ እንደ ሙሽራ ሸተተ፤ ባለቤቴ ምን ትለኝ ይሆን?»

«በደህና ይግቡ ልልዎ ነው» አለች።

«ለዚህ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?»

ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ ነበር። ነገረቻቸው።

አባባ ስንቃቸውን ፈቱ። «ጠርሙሱን ብመልስልሽ ለሁለታችንም ነውር ነው። መንገደኛ ስንቁን ሲፈታ የደረሰ ሰው ግን ይቋደሳል። ተቀመጪ።»

በሶ አጎረሷት። ከዚያ ኩባያ አውጥተው ቀዱላት።

«ይበቃኛል አባባ፣ ማንኪያ ያህል ነው የምፈልገው።»

«ዝም ብለሽ ያዢ!» ሞሉት።

ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ዳገቱን ወጣች። አመሻሹ ላይ ኬኩ ከምድጃ ሲወጣ ጋሽ ምናለ ሽታውን ተከትሎ ወጥ ቤት ገባ።

«ምንድን ነው ይህ?»

የአባባ ገብረ ሊባኖስ ጉልበት ልትል ነበር። «ቫኒላ ነው» አለች።

ቀምሶ አንድ ቁራሽ ደገመ። «ደሴ ቀረ» አለ፣ አፉ ሞልቶ።

ኩባያውን አጥባ ቤት ወስዳ ከጎታው ጀርባ አስቀመጠችው። ለከርሞ ገና አባባ ሲመጡ ባዶውን አትመልስላቸውም።