ዘጠኝ ጭረት ከሁለት ጣት

ኡልጃን በተራራው የበረዶ መንሸራተቻ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ሥራ አንድ ነው። ጎህ ሲቀድ በረዶ ከሚደለድለው መኪና ጋር ትወጣለች፤ ቀይና ነጭ የተቀባውን የመለኪያ ችካል ታነባለች፤ ወርዳ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ሌሊት የጣለው አምስት ሳንቲ ሜትር። ጠቅላላ ጥልቀቱ ይህን ያህል። አንደኛና ሁለተኛ መስመር ክፍት፣ አራተኛው በነፋስ ምክንያት ዝግ። ከዚያ ያንኑ በድምፅ ማጉያ ታነበዋለች። እንግዶቹ ሻያቸውን እየጠጡ ይሰማሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ያመሰግኗታል፣ ዝቅ ካለ ይኮሳተሩባታል፤ በረዶውን እሷ የምታዘንበው ይመስል።

ቁጥሩን የሚጠብቀው ግን እንግዳ ብቻ አልነበረም። ከተራራው ሥር ያለው መንደር እርሻውን የሚያጠጣው ከዚሁ በረዶ በሚወርደው ወንዝ ነው። ቦዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ውኃ ለማን መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው የውኃ አባት ደግሞ የኡልጃን ታላቅ ወንድም ተሚርካን ነው። ብርዱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን መንደሩ ግቢው ይሰበሰብና ተሚርካን ቁጥሩን ይናገራል። ከሰማንያ በላይ ከሆነ ድንች ይተከላል። ከሰማንያ በታች ከሆነ ውኃው ለድንች ስለማይበቃ ገብስ ይዘራና የድንቹ ዘር ለነጋዴ ይሸጣል። ድንች የልጅ ሠርግ ይደግሳል፤ ገብስ ጦም ከማደር ያድናል፣ ከዚያ አያልፍም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ማክሳት የሚባል ሥራ አስኪያጅ ከዋና ከተማው መጣ። ማንንም ዋሹ አላለም፤ ጨዋ ሰው ነው። ችካሉን ብቻ ከጥዶቹ ሥር ካለው ሜዳ አስነቅሎ፣ ነፋስ በረዶ እየጠረገ ወደሚቆልልበት ጥግ አዛወረው። ሜዳው ላይ መቶ የሆነው እዚያ መቶ ሃምሳ ይሆናል። ኡልጃን ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ሳትለካ ያየችውን ጻፈች። "እኔ ምን አጠፋሁ? ችካሉ ያለውን ነው የጻፍኩት" ትላለች ለራሷ፤ ሌላ የጠየቃት አልነበረም። ለወንድሟም ያንኑ ቁጥር ነገረችው። "አላህ ይስጥሽ" ብሎ ተቀበላት።

ያን በጋ እንቅልፍ አልነበራትም። ነገር ግን ውኃው አልጎደለም፣ ድንቹም ደረሰ። በዓመቱም እንዲሁ ሆነ። ኡልጃን የአላህ ምሕረት ነው ብላ ነገሩን ዘጋችው። ተሚርካን እንደ ልማዱ በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ኩሩት የሚሉትን የደረቀ እርጎ በከረጢት ይዞላት፣ የአባታቸውን አካፋ እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ይወጣ ነበር። ጥቂት ተጫውተው፣ በጥዶቹ በኩል አድርጎ ይወርዳል።

ዘንድሮ ጉልበቱ ስለከዳው አልወጣም። ዘንድሮ ደግሞ በረዶው ቀጭን ነው። ሌላ ጊዜ የሚቀበሩት የጥዶቹ ታችኛ ቅርንጫፎች ሁሉ ተጋልጠው ይታያሉ። ችካሉ መቶ አርባ ይላል። ኡልጃን ፈራች። ይህን ቁጥር ብትነግረው አርባ ቤት ድንች ተክሎ በሐምሌ ሐሩር ደረቅ ቦይ ላይ ሊቆም ነው፤ የሚረገመውም ወንድሟ ነው።

መንደሩ በሚሰበሰብበት ቀን ማለዳ ችካሉን ነቀለችው። በትከሻዋ ተሸክማ ሜዳው ላይ ወስዳ መሬት እስኪነካ ተከለችው። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ከዚያ አነበበች። ዘጠና ሦስት። ብቻዋን ሳቀች። እውነቱ ለካ ለድንች ይበቃል። ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ በድምፅ ማጉያ አነበበች፤ ለወንድሟ ደወለች። ችካሉን መመለሷን ግን አልነገረችውም። መለስኩት ካለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበር ሊባል ነው።

ማክሳት ቁርሱን ሳይጨርስ መጣ።

"እትዬ ኡልጃን፣ ችካሉን ማን ነቀለው?"

"እኔ።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። ቦታው እዚያ ነበር፣ መለስኩት።"

"ትናንት መቶ አርባ፣ ዛሬ ዘጠና ሦስት። እንግዳው ምን ይለናል? ሌሊት በረዶ የሚበላ አውሬ መጣ ልበለው?"

"እውነቱን በለው።"

"እውነቱን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ወንበር ሊፍት ላይ አይወጣም" አለና እጁን ዘረጋ። "ቁልፉን ስጪኝ። ቀሪ ሂሳብሽ ይላክልሻል።"

እንዳሰበችው አልከበዳትም። ዕቃዋ አንድ ሻንጣ ሞላ። ቀትር ላይ መንደር ስትደርስ የወንድሟ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ተሚርካን በረንዳው ላይ ጉልበቱን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"የዘንድሮው በረዶ ስልሳ ሁለት ነው" አለ። "ገብስ ዝሩ።"

ሰዉ አጉረመረመ። ኡልጃን የተሳሳተ መሰላት።

"ጋሼ፣ ዘጠና ሦስት ነው እኮ ያልኩህ። አልተሰማህም እንዴ?"

"ተሰምቶኛል።"

"የትኛውን እንያዝ ታዲያ?" አለች ካሊማ፤ ከሁሉ የሰፋ የድንች ማሳ ያላት ምላሰኛ ጎረቤታቸው ናት። "ወይስ በረዶውም እንደ ሱፍ ሲያጥቡት ያጥራል?"

ሰው ሳቀ። ተሚርካን አካፋውን ተመርኩዞ ተነሣና እህቱን ወደ ጋጣው ወሰዳት።

"የዛሬ ሁለት ዓመት ሰሌዳሽ መቶ ሃምሳ ሲል ከጥዶቹ ሥር የአባታችን አካፋ ዐሥር ጭረት አለኝ" አላት። አባታቸው በአካፋው እጀታ ላይ በየዐሥር ሳንቲ ሜትሩ በቢላ ጭረት አበጅቶበት ነበር። "ዓምናም ለካሁት። ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ከምትነግሪኝ ላይ ሲሶውን ቀንሼ ነው የምናገረው።"

ኡልጃን ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። የአላህ ምሕረት ያለችው ይህ ኖሯል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? እህቴን ውሸታም ነሽ ልበል?" ቀና ብሎ አያያትም። "አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

ኡልጃን እጀታው ላይ ያሉትን ጭረቶች አየች።

"የዛሬው ግን እውነት ነው፣ ጋሼ። ችካሉን በእጄ መለስኩት። በሱ ነው ያባረሩኝ።"

ሻንጣውን አየ። ሊያምናት እንደፈለገ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

"ለእኔ ብቻ ቢሆን አምንሻለሁ" አለ። "አርባ ቤት ነው።"

ወደ ሰዉ ተመለሰና "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" አለ። "እስኪለካ ዘር የሚሸጥ እንዳይኖር።" ከዚያ አካፋውን ለኡልጃን ሰጣት። "ካሊማ አብራሽ ትውጣ።"

"ብቻዬን ብወጣስ?"

ተሚርካን ባርኔጣውን አስተካከለ። ያኔ አፈረች፤ ማክሳት ቁልፉን ሲቀበላት ያልተሰማት ኀፍረት ነበር።

በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ሰው የሚያወጣው የወንበር ሊፍት ሠራተኛ መባረሯን ሰምቷል፤ እንዳልሰማ ሆኖ አሳፈራቸው። ካሊማ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ እግሯ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ "ለአንድ ቁጥር ብዬ እዚህ ልሙት?" እያለች ወጣች። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ኡልጃን አካፋውን ገልብጣ እጀታውን ወደ በረዶው አዞረች።

"አምጪው፣ እኔ ልያዘው" አለች ካሊማ።

ሰጠቻት። ካሊማ በሁለት እጇ ይዛ መሬት እስኪመታ ገፋችው፤ በአውራ ጣቷ ምልክት ይዛ መዘዘችና ጭረቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው።

"ዘጠኝ ጭረት" አለች። ከላይ የተረፈውን በጣቷ ለካች። "ከሁለት ጣት።"

ለድንች ይበቃል። መንደሩ ሊድን ነው፣ የወንድሟም ስም ተርፏል። ኡልጃን ደስ ብሏታል፤ በእውነት ደስ ብሏታል። አላልኳችሁም ልትል አፏን ከፈተች።

ካሊማ ቀና ብላ አየቻት። ክፋት አልነበረባትም፤ ሥጋ የምትገዛ ሴት ሚዛኑን የምታየውን ያህል ነው። ከዚያ በበረዶው ውስጥ ሦስት እርምጃ ተራመደች።

"እስቲ እዚህ ጋ ደግሞ እንየው" ብላ እጀታውን እንደገና ገፋችው።

ኡልጃን እጆቿን ኪሷ ከትታ ቁጥሩን ጠበቀች።