የአውሎዬ ክፍል

የፋብሪካ ስቶር ኃላፊ ነኝ። እኔ ዘንድ ብሎን የጠየቀ ሰው ቃሉን ሳይጨርስ ብሎኑ እጁ ላይ ነው። አውሎዬ ለመኖር የመጣችው እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ነው።

አውሎዬ ልጄ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ገብታ ያላተራመሰችው ቤት የለምና። እኔና እናቷ ከተለያየን ወዲህ እናቷ ጋ ነበረች። ዘንድሮ ግን «አባዬ ጋ ልኑር» አለች። እናቷም «እስቲ ይሁን፤ ፈተና እስኪያልቅ ትየውና ራሷ ትወስን» ብላ ለቀቀቻት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህች ልጅ እኔው ጋ እንድትቀር ከምንም በላይ እፈልግ ነበር።

ክፍሏ ግን ክፍል አልነበረም። ካልሲ መስኮት ላይ፣ ደብተር አልጋ ሥር፣ የሙዝ ልጣጭ ጫማ ውስጥ። ሐኪሟ የትኩረት ችግር እንዳለባት ነግረውናል፤ ኤዲኤችዲ ይሉታል። ስለ ክፍሏ አማርሬ ስነግራቸው «ዓይኗ ያላየውን ትረሳዋለች፤ ዕቃዋን ክፍት ቦታ ላይ ያድርጉላት። ስታስተካክልም አጠገቧ ይሁኑ፣ አንድ በአንድ» አሉኝ። ስለ ዕቃ አቀማመጥ፣ ያውም ለእኔ። ለቀባሪው አረዱት አልኩ በሆዴ።

አንድ ቀን እሷ ትምህርት ቤት ሄዳ ሳለ እኔ ከሥራ ቀርቼ ክፍሏን ገለባበጥኩት። ልክ እንደ ስቶሬ ክዳን ያላቸው ነጭ ሳጥኖች ደረደርኩ፤ ካልሲው ለብቻ፣ እርሳሱ ለብቻ፣ መጫወቻው ለብቻ፣ ሁሉም ላይ ጽሑፍ ለጥፌ። ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች።

«የኔ ነው?» አለች።

«ያንቺ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የወጣ ይመለሳል።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲያ ወለሉ ላይ አንዲት ነገር አላየሁም። ከሥራ ስመለስ በሩን ገርበብ አድርጌ አያለሁ፤ አልጋው የተነጠፈ፣ ሳጥኑ የተከደነ። «ጎበዝ የኔ ልጅ» ስላት ፈገግ ትላለች። ዝምተኛ መሆኗን ሳላይ ቀርቼ አይደለም፤ ሰከነች፣ አደገች ብዬ ደስ አለኝ እንጂ። ለዘበኛው ሳይቀር አወራሁ። መካኒካችን «ልጅቷንም መደርደሪያ ላይ እንዳትሰቅላት» ሲለኝ ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔው ነበርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ፈተናው አልቆ፣ እናቷ መጣች። ደረቴን ነፍቼ ክፍሉን አሳየኋት። አፏን ይዛ ቀረች።

«እንዲህማ ከሆነ እዚሁ ልትቀሪ ነዋ?» አለቻት።

አውሎዬ ወለሉን እያየች «ካንቺ ጋር ልሂድ» አለች።

ቆሽቴ እርር አለ። «ምን ጎደለሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። እናቷ «በል ተው፣ ዕቃዋን እንሰብስብ» ስትል በንዴት ሳጥኖቹን መክፈት ያዝኩ። ካልሲዎቹ እኔ እንዳጠፍኳቸው ናቸው። እርሳሶቹም እኔ እንደቀረጽኳቸው። አንዱም አልተነካም።

«ተወው አባዬ፣ ሰብስቤያለሁ» አለችና የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አነሳች። ከፈትኩት። የሌሊት ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የታጠበና ያልታጠበ ካልሲ፣ ስባሪ እርሳስ፣ ሁሉም አንድ ላይ ታጭቋል። ልጄ ይህን ሁሉ ጊዜ በገዛ ቤቷ እንደ መንገደኛ ከቦርሳ ነው የኖረችው።

«ለምን?» አልኩ። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

«ክዳኑ ሲዘጋ ምን ምን እንዳለኝ እረሳለሁ። ስፈልግ ደግሞ ሁሉንም እበትናለሁ። ስበትን ትቆጣለህ።»

«አልጋውስ?» አለች እናቷ።

«እንዳይበላሽ ከአልጋ ልብሱ ላይ ነው የምተኛው።»

እናቷ ፊቷን አዞረች። እኔ ተንበርክኬ ክዳኖቹን እያነሳሁ መወርወር ጀመርኩ። «ይኸው፣ ክዳን የለም። በትኚው የኔ እናት፣ እንዳሻሽ በትኚው» አልኳት። ከአንጀቴ ነበር፤ ምነው ቀደም ብዬ ባልኩት።

አውሎዬ ግን አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ክዳኖቹን ከወለሉ እየለቀመች መልሳ ትገጥም ጀመር። ጨርሳ ቦርሳዋን አዘለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ግን ክፍሉን ንጹሕ አድርጌ ያዝኩልህ፣ አይደል?»

«አዎ» አልኳት። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።