ለመጪው እሑድ ያድርሰን

የጎረቤቴ የኡሙሀኒ ባል ሱሩር ምሳውን በልቶ እጁን ሊታጠብ እንደተነሳ ሞተ። በቃ፣ ይኸው ነው። አልታመመ፣ አላቃሰተ። ጧት ሱቁን ከፍቶ ለእኔ ሳሙና ሸጦልኛል፣ መልሴን ሲሰጠኝም ቀልዶብኛል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀብረነው ተመለስን። አዋሽ ላይ ሰው በወባም በሙቀትም ሲሞት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔና ባሌ ጉልላት የመንዝ ሰዎች ነን። እሱ እዚህ በአንድ የጭነት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። የተጋባነው በሰማንያ እንጂ በቁርባን አይደለም። ባልና ሚስት ደግሞ የሚቆርቡት አብረው ነው፤ እሱ እምቢ ካለ እኔም ደጅ መቆሜ ነው። ለዓመታት ስጨቀጭቀው መልሱ አንድ ነበር።

«ንጋትወርቅ፣ እኛ እኮ ገና የእሳትነት ዕድሜ ላይ ነን። ጡረታ ልውጣ፣ አገሬ ልግባ፣ ያኔ እቆርባለሁ።»

ቦርጩ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ፣ የእሳትነት ዕድሜ! በእርግጥ እሱ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚለው። ሕፃን ይቆርባል፣ ሽማግሌ ይቆርባል፤ መሐል ያለው ሁሉ ሞት አድራሻውን የማያውቀው ይመስል ቁጭ ብሎ ያረጃል።

ከሱሩር ቀብር ስንመለስ ግን አለቀቅኩትም።

«ሱሩር ጡረታ ወጥቶ ነበር?» አልኩት።

«እኩያዬ ነው፣ ምን ጡረታ አለው?» አለና፣ ያለው ነገር ራሱን አስደነገጠው።

በማግሥቱ የነፍስ አባታችን መምሬ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ንስሐ ገባን፤ የተሰጠንን ቀኖና ፈጸምን። እሑድ ጧት የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ አለ፤ አብዮቱ እሑድን እንኳ አልተወልንም። መቅረቱን ካድሬዎቹ እንደማይወዱለት እያወቀ «የመጣው ይምጣ» አለ። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጀምሮ እህል ውኃ ከአፋችን አልገባም። በዚህ ቆላ ውኃ ሳይቀምሱ ማደር ምን እንደሆነ ደገኛ አያውቀውም። እንደ ሰፈሩ ሰው አልጋችን ደጅ ነው፤ በራስጌው ሁልጊዜ የውኃ ኩባያ አለ። እዚህ የኖረ ሰው ዓይኑን ከመግለጡ በፊት እጁ ወደ ኩባያው ይሄዳል። ይህን ስለማውቅ ኩባያውን አንስቼ ቤት ቆለፍኩበት።

ጎህ ሲቀድ ስነቃ ጉልላት አጠገቤ የለም። በቅጡ ሳይነቃ፣ ውኃው እንዲቀዘቅዝ ጥላ ሥር ያኖርነውን እንስራ አዘንብሎ ይጠጣል። ጉሮሮው ሲንቆረቆር ሰማሁት።

«ጉልላት!» ብዬ ጮህኩ።

ባለበት ደርቆ ቀረ። ውኃው በአገጩ ይወርዳል። «ውይ፣ ረሳሁት» አለ። ከዚያ ይባስ ብሎ ሳቀ።

ያ ሳቁ ነው ያበገነኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄደን ስንነግራቸው መምሬ አዝነው «ለመጪው እሑድ ያድርሳችሁ» ብለው አሰናበቱን። ለመጪው እሑድ ማን ዋስ ሆኖን? ቤት ገብቼ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። ሆዳም አልኩት። ነፍሴን ይዘህብኝ ገደል ትገባለህ አልኩት። ከዚያም አኮረፍኩ። ማክሰኞ በአሰብ መንገድ ሰርዶ አጠገብ መኪና ተገልብጦ፣ ጭነቱን ሄዶ እንዲረከብ ታዘዘ። «ደህና ሁኚ» ሲለኝ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ከወጣ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ጎመን መቀንጠስ ጀምሬ ተውኩት። መጥረጊያ አነሳሁ፣ ጣልኩት። በመጨረሻ ኡሙሀኒ ዘንድ ገባሁ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ኢዳዋን፣ የባል ሐዘን ጊዜዋን፣ ይዛ ከቤት አትወጣም። የጉልላትን በደል አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩላት።

«ሄዷል?» አለችኝ።

«ኬላው ጋ ነው። መኪኖቹ አብረው ለመውጣት እስኪሰለፉ ይጠብቃሉ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ወላሂ ንጋቴ፣ እኔ ያን ዕለት ጧት ሱሩርን በማይረባ ነገር ተቆጥቼው ነበር። ምሳውን ሳቀርብለት እንኳ አላናገርኩትም። ማታ አፉ እንባባላለን ብዬ…» እንባዋ መጣ። «አሁን እኔን ማን አፉ ይበለኝ?»

ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ወጥቼ ሮጥኩ። ጉልላት ሳይዘጋጅ ይሞትብኛል ብዬ ስባንን የከረምኩት እኔ፣ ያልተዘጋጀሁት እኔው ነበርኩ። ባሌን አኩርፌ ደግሞ ሥጋ ወደሙ ልቀበል! አፈርኩ። ፍርሃቱ ግን ከሀፍረቱ ይብስ ነበር።

ስደርስ የፊተኞቹ መኪኖች ተንቀሳቅሰዋል። እሱ የተሳፈረበትም ሞተሩ ተነስቷል። በሩን በእጄ ደበደብኩት።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» አለ ጉልላት አንገቱን አውጥቶ።

«ማንም አልሞተም። ይቅር በለኝ።»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ወርዶ፣ ያ ሁሉ ሾፌር እያየው ትከሻዬን ሳመኝ። «አንቺ ይቅር በይኝ» አለ። የመኪናው ጡሩንባ ጮኸ። እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጎ ዘወር አለ።

«ቁርባኑስ?»

«ስትመለስ ነዋ።»

«ካልተመለስኩስ?»

ይህን ስንት ጊዜ እኔ ጠይቄዋለሁ፤ ከእሱ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። መልሱን መምሬ ቢሆኑ ያውቁ ይሆናል።

«ካልተመለስክ… ታርቀን ነው የሄድከው» አልኩት። «እሱ ያያል።»

«እሱ ያያል» አለና አማተበ። መኪናው ሄደ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እስካሁን አልመጣም። መኪና በተሰማ ቁጥር ደጅ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ጭነቱም ብዙ ነው ይሉኛል፤ ይሆናል። ለማንኛውም ከቀትር ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመስኩም።