ደም የበዛበት ሰው

ላውንደሪው ውስጥ ልብስ የሚተኩሰው ሰው ስሙ ተረስቶ «ተኳሹ» ሆኖ ቀርቷል፤ በዕድሜው የተኮሰው ግን ሸሚዝና ሱሪ ብቻ ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እንፋሎት መሃል የኖረ፣ ትዳር ሳይዝ ጠጉሩ የሸበተ፣ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ አንዲት ክፍሉ የሚገባ ጭምት ሰው ነው። ስለዚህ የእግሩ ጣቶች መለብለብ ሲጀምሩ ማንንም አላማከረም። መቆም ያመጣው ነው፣ ሙቀቱ ነው እያለ ራሱን ደለለ። ቤቱ ሲገባ ጫማውን አሽቀንጥሮ እግሩን ሲሚንቶው ላይ ይዘረጋል፤ ፍም የመሰለው ቅላት በረድ ሲልለት ነው ትንፋሹ የሚመለሰው።

የእህቱ ልጅ የተዳረች ዕለት ነገሩ ከፋ። የልጅቷ አባት በሕይወት ስለሌለ በአባት ቦታ የሚቆመው እሱ ነበር። አዲስ ጫማ አድርጎ እስከ አዳራሹ በር ደረሰ። እዚያ ላይ እግሩ እሳት የረገጠ ያህል ነደደ። በባዶ እግሬ ገብቼ መሳቂያ ከምሆን ብሎ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ተመለሰ። ታላቅ እህቱ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን አጠፋች።

ማቃጠሉ ወደ እጁ ሲዛመትና ራስ ምታት ሲታከልበት ሆስፒታል ሄደ። ደሙ ተደጋግሞ ተመረመረ፤ ከዳሌ አጥንቱም መቅኔ ተቀዳ። የደም ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ ሳትቸኩል አስረዳችው።

«ደም ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ። ስንቆረጥ ደማችን የሚቆመው በነሱ ነው። የእርስዎ መቅኔ ግን በቃኝን አያውቅም፤ ያለ ልክ ያመርታል። ሲበዙ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ። የሚያቃጥልዎት ለዚያ ነው።»

«ይድናል?»

«አብሮዎት ይኖራል፤ እኛ ልጓም እናበጅለታለን። አስፕሪንና ይቺን እንክብል በየቀኑ ይውሰዱ። ደምዎን በየጊዜው እናያለን። እንዳያቋርጡ፣ አደራ!»

ለላውንደሪው ባለቤት ሲነግረው ሰውየው ዓይኑን አፈጠጠ።

«ስንት ደረሰ አሉህ?»

«ወደ ሚሊዮን ተጠግቷል።»

«ሚሊየነር ልትሆን ነዋ! እኛ ደም አነሳችሁ፣ ሥጋ ብሉ እየተባልን፣ አንተ ተትረፍርፎልህ ታማርራለህ?»

ቤቱ በሳቅ ደመቀ። ተኳሹም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ልብስ አጣቢዋ ብቻ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እሁድ ዕለት እንደምንም ደፍሮ እህቱ ጋ ደወለ።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን አሞኝ ነው። ደሜ በዝቶ ነው።»

«ምንህ በዝቶ?»

«ደሜ። ፕላትሌት የሚባል...»

«ልጄን በሰው ፊት አንገቷን አስደፍተህ ደም በዛብኝ ትለኛለህ? ሌላ ሰበብ አጣህ?» ስልኩ ተዘጋ።

እንክብሉን ለጥቂት ወራት በወጉ ዋጠ። ማቃጠሉ ተወት አደረገው፤ አፉ ውስጥ ግን ቁስል እየወጣ አስቸገረው። አንድ ቀን ረሳ፤ ሌላ ቀን ሳይረሳ ተወ። ዋጥክ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለ። ደህና ነኝ ሲል ደግሞ ሁሉም አመነው።

አንድ ጠዋት እየተኮሰ ሳለ ቀኝ እጁ ዛለ። ካውያው ሸሚዙ ላይ እንደተጋደመ ቀረና ጨርቁ መጨስ ጀመረ። አንሱልኝ ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። አጣቢዋ እየሮጠች መጥታ ካውያውን አነሳች፤ አፉ መጣመሙን ስታይ «ወይኔ ወንድሜ!» ብላ ታክሲ ውስጥ ከተተችው።

ሆስፒታል ሲደርሱ አንደበቱ መመለስ ጀምሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ እጁም ታዘዘለት።

«ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው» አለች ሐኪሟ። «መድኃኒቱን አቋርጠዋል፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እንጃ።»

«የምንደውልለት ቤተሰብ አለዎት?»

«እህት አለችኝ። ግን እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ስነግራት ቀልድ ይመስላል።»

ሐኪሟ አጠገቡ ቆማ ደወለች፤ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻት። «ጫማ ማድረግ እንኳ የማይችሉበት ጊዜ ነበር» ስትል ከወዲያ በኩል «ደም በዛ ሲለኝ እኔ ምን አውቄ?» የሚል ኮስመን ያለ ድምፅ ተሰማ።

በማግስቱ መጣች። አላለቀሰችም፤ ይቅርታም አላለች። አንሶላውን ገልጣ የቀሉ ጣቶቹን በቀዝቃዛ መዳፏ ያዘች።

«ምነው ወንድምዓለም፣ በባዶ እግርህ ብትገባስ?»

«ሰው ይስቃል ብዬ።»

«ይሳቃ!»

የሰርጉን ፎቶ በስልኳ አሳየችው። ከሙሽራዋ ጎን የቆመው ጎረቤታቸው ነበር። ተኳሹ ትክ ብሎ አየው።

«ሱፉ በደንብ ተተኩሷል» አለ።

አሁን እንክብሉን አያዛንፍም። ሐኪሟ መጠኑን አስተካክላለት የአፉ ቁስል ሽሯል፤ ቁጥሩም ወርዷል። ከካውያው ርቆ ልብስ ማጠፍና ማስረከብ ላይ ተመድቧል። ለምርመራ ደም ለመስጠት የሚሄደው ብቻውን ነው፤ የእህቱ ቤት ሩቅ ነው፣ ጉልበቷም እሺ አይላትም። ሙሽራዋ እስካሁን አልደወለችለትም። እህቱ ግን እሁድ እሁድ ትደውላለች።

«ቀነሰ?»

«ቀንሷል እትዬ።»

«ጎሽ። ዋጥክ?»

«ውጫለሁ።»

«በል እንግዲህ።»

ከዚህ ወዲያ የሚያወሩት አያገኙም። አንዳንዴ እሷ ስልኩን ሳትዘጋ የሆነ ቦታ ታስቀምጠዋለች። የሰሃን ኳኳታ፣ የልጆች ጭቅጭቅ፣ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማዋል። እሱም አይዘጋውም፤ ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል።