ያልቆመው መጋዝ

ጣውላው ከእኩሌታው በላይ ተሰንጥቆ ሳለ ዲስኩን ነክሶ ያዘው። የኤሌክትሪክ መጋዙ አጓራ፤ የሚቃጠል እንጨት ሽታ የአናጺዋን አፍንጫ ሞላው፤ ጣውላው ወደ ሆዷ ይገፋ ጀመር። ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል። ብትለቀው ተወርውሮ ይመታታል፣ ብትይዘው እጇን ወደ ጥርሱ ይጎትተዋል። ለዚህ ለዚህ ነው እንግዲህ ከመጋዙ ጠረጴዛ ፊት ለፊት በጭን የሚገፋ ትልቅ ቀይ ማቆሚያ የተገጠመው። በጭኗ ገፋችው። መጋዙ አልቆመም። ደግማ ገፋችው። ወይ ፍንክች!

"ንቀለው! ሶኬቱን ንቀለው!" ብላ ጮኸች።

ጥግ ላይ በር ሲቀባ የነበረው ቫርኒሽ ቀቢ ብሩሹን ጥሎ ወደ ግድግዳው ሮጠ። እሷም ጣውላውን ለቀቀችና ወደ ጎን ዘለለች። ጣውላው ጎኗን ታክኮ አለፈና ከኋላ የተደረደሩትን በሮች መታ። ከዚያ መጋዙ እያቃሰተ ጸጥ አለ።

እጆቿን አየቻቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥሩም ጣቶች አሉ። "ተመስገን" አለችና ሰጋቱራው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። በእነዚህ ጣቶች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ ሌላ ሀብት የላትም።

"አይዞሽ፣ ተርፈሻል" አለ ቀቢው። "ውኃ ላምጣልሽ?"

"ውኃውን ተወውና ካቻቢቴ አምጣልኝ።"

ሶኬቱ መነቀሉን በዓይኗ አረጋገጠች፤ ይህን ሳታይ መጋዝ ውስጥ እጇን አስገብታ አታውቅም። ከዚያ የቀዩን ማቆሚያ ሳጥን ፈታች። ውስጡ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ከቦታቸው ተነቅለው፣ እርስ በርስ ተቀጣጥለው፣ በሰማያዊ ናስትሮ ተጠቅልለዋል። ማቆሚያው ተገፋም አልተገፋ ኤሌክትሪኩ ዝም ብሎ ያልፋል ማለት ነው። የናስትሮው ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጫፉን እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። ሌላ ጊዜ ለመፍታት እንዲመች ብሎ ለእሷም ያስተማራት እሱ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ።

ይህን ሥራ ቤት አባታቸው ለሁለቱ ሲተውላቸው አብሮ አንድ ሕግ ትቶላቸዋል። ጠዋት መጀመሪያ የገባ ሰው ሶኬቱን ሳይሰካ ሰጋቱራውን ይጠርጋል፣ የዲስኩን ብሎንና ሽፋኑን ይነካካል። ከዚያ ሰክቶ መጋዙን ባዶውን ያስነሳውና ቀዩን ማቆሚያ ይገፋል። መቆሙን ሲያይ በጠረጴዛው ጥግ ላይ በጠመኔ አንዲት መስመር ያሰምራል። መስመሯን ያየ ሰው ሁለተኛ አይፈትሽም። ታናሽ ሆኖ ታላቅ የፈተሸውን እንደገና መፈተሽማ "አላምንህም" ማለት አይደል? ሥራ ቤቱን ሁልጊዜ የሚከፍተው ወንድሟ ነው። ዛሬም መስመሯ አለች፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለች፣ የምታምር መስመር።

"ታውቅ ነበር?" ብላ ቀቢውን ጠየቀችው።

ቀቢው ጆሮውን አከከ። "ሲፈታው አይቼዋለሁ። የእህትና የወንድም ነገር ነው፣ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ..."

"መቼ ነው?"

"ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ማቆሚያው ሳይነካ በየደቂቃው መጋዙን እያጠፋ አስቸገረው፤ ተናደደና ሽቦውን ቀጠለው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከዚያ ወዲህ እሱ መጋዙ ላይ ቆሞ አይተሽው ታውቂያለሽ?"

አላየችውም። ወገቤን አሞኛል ብሎ መሰንጠቁን ሁሉ ለእሷ ሰጥቷት፣ እሱ ማጠፊያና ቁልፍ ሲገጥም ነው የከረመው። እሷ ሞኟ ደግሞ አዝናለት ነበር! የወገብ ቅባት ገዝታለታለች፤ ተቀብሎም መርቋታል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ፈረስስ እንስሳ ነው፤ ይኼ የእናቷ ልጅ ነው።

ወንድሟ ካርቶን ሙሉ ማጠፊያ በትከሻው ተሸክሞ እያፏጨ ገባ።

"ምነው ቁጭ አላችሁ? የክሊኒኩ በሮች እኮ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚወሰዱት!"

ሰማያዊውን ናስትሮ አሳየችው። "ይኼ የማን ሥራ ነው?"

ናስትሮውን አየ፤ የተጋደመውን ጣውላ አየ። "ተጎዳሽ እንዴ?"

"የማን ሥራ ነው አልኩህ!" ሌላ ጊዜ "ጋሼ" ሳትል አታናግረውም።

"እታለም፣ ስሚኝማ። ለጊዜው ብዬ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰኝ፤ ሥራው ደግሞ አይጠብቅም። ልነግርሽ እኮ ነበር።"

"መቼ? ጣቶቼን በፌስታል ይዤ ሐኪም ቤት ስሮጥ?"

"ኧረ አታሟርቺ! አንቺ ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነሽ። እሷ ምን ትሆናለች ብዬ..."

"ጠዋት ጠዋት መስመሯን ስታሰምርስ በልብህ ምን ትል ነበር?"

ዓይኑን ከጠረጴዛው ጥግ አሸሸ።

"ወገብህስ?"

ወንድሟ ካርቶኑን ገና አሁን ከትከሻው አወረደ። ቀቢው መሬት መሬቱን ያያል።

ተነሥታ የሶኬቱን ገመድ ከወለሉ ላይ አነሣችና ወደ እሱ ዘረጋችው። "ሦስት ጣውላ ነው የቀረው። እንካ፣ ሰካና አንተ ሰንጥቀው።"

"አሁን ይኼ ምን ይባላል?"

"ምንም አይባልም። ለእኔ ደህና ከሆነ ለአንተም ደህና ነው።"

አንድ እርምጃ ወደ መጋዙ ቢራመድ ኖሮ እሷው ራሷ ክንዱን ይዛ ታስቀረው ነበር። አልተራመደም። እጆቹን ኪሱ ከተታቸው። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ከመጋዙ ድንጋጤ ይልቅ ይኼ ባሰባት። በሕፃንነቷ እጇን ይዞ መንገድ የሚያሻግራት ሰው፣ የራሱን እጅ ሸሽጎ የእሷን አሲዟል።

ስልኳ ጠራ። የክሊኒኩ ኃላፊ ናቸው። ደንበኛ የምታነጋግረው ሁልጊዜ እሷ ናት፤ ምላስሽ ማር ነው ይላታል ወንድሟ። እሱ ባዘገየው ሥራ ስንት ጊዜ ዋሽታለታለች!

"መብራት ጠፋ በያቸው" አለ በሹክሹክታ። "በሞቴ!"

እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ስልኩን አነሣችው። "አቤት እትዬ።"

"በሮቹ ደረሱልን ልጄ?"

"አልደረሱም።"

"ምነው? መብራት ጠፋባችሁ እንዴ?"

ወንድሟ ራሱን ላይ ታች እየነቀነቀ በዓይኑ ይለምናታል።

"የለም፣ መብራትማ አለ" አለች። "ማቆሚያ በሌለው መጋዝ ስሠራ ለጥቂት እጄን ላጣ ነበር። እስኪጠገን አንድ ጣውላ አልሰነጥቅም።"

"በስመ አብ! ምን ሆኖ ነው?"

"የፈታው ሰው እዚሁ አለ፤ እሱ ይንገርዎት" አለችና ስልኩን ለወንድሟ ሰጠችው።