ሳያዩ የተቀበሉት ተጎታች

ሐብቴ ተጎታቹን ሳያይ ተቀብሏል። ስህተቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ልጁ ሊያን ለአምባው ልጅ ለታል የታጨች ለት፣ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማልአኺ ካለው የሐብቴ ቤት ሽማግሎች ተቀምጠው ሳለ አምባው ተነሣ። «ሐብቴ የቤኤር ቱቪያውን ፋብሪካ ለቆ፣ ማሽን ካለበት ድረስ እየሄደ ሊጠግን ነው» አለ። «ልጄ አብሮት ይሠራል። እሱ ጉልበቱን ያዋጣ፤ እኔ ዝጉን ተጎታቼን ሰጥቻለሁ።» ሽማግሎቹ መረቁ። ሐብቴም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። በሽማግሌ ፊት የተሰጠን ነገር «ቆዩ መጀመሪያ ልየው» ማለት ሰጪውን አታላይ ከማለት አይተናነስም፤ ስለዚህ አላለም።

ዓርብ ጠዋት ሊያንን ይዞ ሊረከብ ያቭነ ከተማ አምባው ቤት ሄደ። ታል ተጎታቹን ከፒካፑ ጋር አያይዞ ጠበቃቸው። አምባው ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን የሚያጓጉዝበት ነጭ ሣጥን ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ሐብቴ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ የሚያደንቅ መስሎ ዞረው። የግራው ጎማ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቷል። የኋላው በር ከታች ገጥሞ ከላይ ይከፈታል። የመጎተቻው ክንድ ከሣጥኑ ሥር ካለው ሻንሲ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ደግሞ ጥቁር አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ የቀረው ብረት አቧራ እንደለበሰ ነው።

«ምነው ዙሪያውን ዞሩትሳ?» አለ አምባው። «በቅሎ ቢሆን ጥርሱን ገልጠው ባዩት ነበር።»

«ዝናብ ያስገባ እንደሆን ልይ ብዬ ነው። ልግባና ይዝጉብኝ።»

የአምባው ፊት ጠቆረ። «ድንኳኔ አንድ ቀን ረጥቦብኝ አያውቅም።»

«የእኔ ዕቃ ኤሌክትሪክ ነው፤ ጠብታ አይወድም።»

በሩ ተዘጋበት። ሐብቴ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ዝም ብሎ ቆመ፤ ቀዳዳ በብርሃኑ ይታወቃል። ጣራው ደኅና ነው። ግድግዳዎቹም ደኅና ናቸው። ከፊት ለፊት ግን፣ ከወለሉ አጠገብ፣ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን አየ። ቀረብ ብሎ ወለሉን በተረከዙ ተጫነው። ክሩ ሰፋ። እግሩን ሲያነሣ ጠበበ። ክንዱ ከሻንሲው እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ለጥገናው የሚያስፈልጉት ኮምፕሬሰር፣ ጀኔሬተርና የብየዳ ማሽን ሲጫኑበት፣ በገዴራው አውራ ጎዳና ላይ ተገንጥሎ ከኋላ በሚመጣው ሰው ላይ ይወርዳል።

ከውጭ የአምባው ድምፅ ተሰማው። «አባትሽ እንደ ጉምሩክ ሰው ነው፤ ሱሪያችንን ሳያስወልቅ አይለቀንም።» ሊያን አልሳቀችም።

ሐብቴ በሩን ከውስጥ አንኳኳ። «አምባው፣ እስቲ ይግቡልኝ።»

አምባው ሲገባ ሐብቴ በሩን ሳብ አድርጎ ዘጋውና ወለሉን በተረከዙ ተጫነ። ብርሃኑ ሰፋ፣ ጠበበ። አምባው ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። በዚህ ያውቅ እንደነበር ሐብቴ ገባው።

«አምና ከድንጋይ ጋር ተጋጨብኝ» አለ አምባው በመጨረሻ። «አስበየድኩት። ይይዛል ብለውኛል።»

«ለድንኳን ይይዝ ይሆናል።»

«በሽማግሌ ፊት ሰጠሁ ብያለሁ። ሌላ የምሰጠው የለኝም።»

«ኮምፕሬሰሩ አልገባ አለኝ እላለሁ። ነውሩ በእኔ ይቅር።»

አምባው በጨለማው ውስጥ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይበሉ።»

ወጡ። ሐብቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ደግ ዕቃ ነው፤ ግን ለኮምፕሬሰሩ ጠበበኝ» አለ።

«ጠበበኝ?» አለ ታል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሜትር ይዤ ለክቼዋለሁ። ጀኔሬተሩም ገብቶ መቆሚያ ይተርፋል።»

ታል አባቱን አየ፤ ደግሞ ሐብቴን አየ። «የአባቴን ስጦታ ንቀው ከሆነ ይንገሩን።»

«ታል፣ ዳይ፣ ይበቃል» አለች ሊያን። ወደ ሐብቴ ዞረች። «አባዬ፣ እውነቱን ንገረን።»

ሐብቴ ቢናገር በጨለማ የሰጠውን ቃል አፍርሶ አምባውን በልጁ ፊት ሊያዋርድ ነው። ዝም ቢል የልጁ ትዳር እዚሁ ግቢ ሊቀር ነው። ዞሮ የተጎታቹን የኋላ በር ይዘጋ ጀመር።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለ ታል። «ራሴ ጎትቼ ቂርያት ማልአኺ አደርሰዋለሁ። ይግባ አይግባ እዚያው በዓይናችን እናያለን።» ከፒካፑ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ።

ሐብቴ ወደ ፒካፑ በር ሮጠ፤ አምባው ግን ቀደመው። ከመኪናው ፊት ቆሞ ሁለት እጁን ከኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

«አጥፋው።»

«አባ፣ ዘወር በል።»

«አጥፋው አልኩህ። ውረድና ከሥሩ እይ። ክንዱ ከተበየደበት ላይ።»

ታል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሐብቴ ማንም ሳያዘው ድንጋይ አንሥቶ ከጎማው ሥር ወሸቀ። ልጁ በጀርባው ተንፏቆ ገባ፤ የስልኩ መብራት ወዲያና ወዲህ አለ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አባ» አለ ከሥር። ድምፁ ቀንሷል። «እዚህ ጣቴ ይገባል።»

«አውቃለሁ» አለ አምባው። «ውጣ ከሥሩ።»

ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋለት። ታል ወዲያው አልያዘውም። አምባው ልጁ እስኪይዘው ድረስ እጁን እንደዘረጋ ጎንበስ ብሎ ቆየ።