የአንስለም ፔይሪስ ጥፋት

ቤንዚን በጠፋበት ዓመት በከተማችን በሞራቱዋ ሰው ጎረቤት የሚያፈራው በወረፋ ነበር። ከእኔ አሮጌ መኪና ፊት አናጺው ዊልበርት ወንበርና ቁምሳጥን በሚያመላልስበት ቫኑ ተሰልፏል። ከኋላዬ ሱሲል አለ፤ ሠላሳውን ያለፈ፣ ምላሱ የማያርፍ ባለባጃጅ። ከሱሲል ወዲያ ስድስት መኪና አልፎ አንስለም ፔይሪስ በራሱ ባጃጅ ውስጥ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ማደያው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ስለሆነ ከቆምንበት አይታይም። ሦስተኛ ቀናችን ነው።

ሰው ሦስት ቀን ሙሉ መንግሥትን ሲያማ መዋል አይችልም፤ አፉ ይዝላል። ስለዚህ ክሪኬት እናወራ ነበር።

ዊልበርት ሰባ ዓመቱ ነው። ለእሱ ጨዋ ተጫዋች ድሮ ቀርቷል። «ክሌመንት ዲ ሜል» አለ ያን ቀን ጠዋት፣ በቫኑ ጥላ ካርቶን ላይ ተቀምጦ። «ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ይዟል፤ መቶ ሊሞላ አንድ ቀርቶታል። ኳሷ የዱላውን ጫፍ ነካ አድርጋ አለፈች፤ መሬት ሳትነካ ተያዘች፤ በሕጉ ወጥቷል። ዳኛው አላየም። ክሌመንት ዱላውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ራሱ ከሜዳ ወጣ። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ አሳየኝ።»

«ምን አተረፈ ታዲያ?» አለ ሱሲል።

«ስም ነዋ።»

«ስም ታንከር ውስጥ አይገባም፣ አይያ» አለ፤ በእኛ ዘንድ ታላቅ ወንድምን የምንጠራው እንዲህ ነው። «ደግሞ እናንተ ሽማግሌዎች ዳኛ ሳይጠይቃችሁ ነው ጥፋታችሁን የምታምኑት፤ ሚስት ስትጠይቃችሁ ግን አንድም ቀን አምናችሁ አታውቁም።»

ዊልበርት ጫማውን አንስቶ ሊወረውርበት ቃጣ፤ ሁላችንም ሳቅን። በዚህ መሃል ነው ሱሲል ስልኩን አውጥቶ ያንን ዜና ያነበበው።

ነገሩ ይህ ነው። ክሪኬት ላይ መቺዎቹ ምንጊዜም ሁለት ናቸው። አንዱ ኳሱን ሲጠብቅ ሁለተኛው በወርዋሪው በኩል ባለው መስመር ላይ ቆሞ ለሩጫ ይዘጋጃል። ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ሳይወጣ ይሄ ሁለተኛው ሰው መስመሩን ጥሎ ከሄደ፣ ወርዋሪው ውርወራውን ትቶ አጠገቡ ያሉትን ሦስት እንጨቶች በኳሱ ሊያፈርሳቸው ይችላል። ሰውየው ያኔ ከጨዋታ ውጭ ነው። ሕጉ ድሮም ይፈቅዳል። ልማዱ ግን ሌላ ነው፤ ጨዋ ሰው መጀመሪያ ያስጠነቅቃል። ሳያስጠነቅቅ ያደረገው ሰው ዕድሜ ልኩን ሲታማ ይኖራል። አሁን ለንደን ያሉት ሕግ አውጪዎች ድንጋጌውን ስለ ነውረኛ አጨዋወት ከሚናገረው ምዕራፍ አውጥተው በሩጫ ላይ ሰው ስለማስወጣት ከሚናገረው ተራ ሕግ ጋር ሊያኖሩት ነው፤ ሱሲል ያነበበው ይህንን ነበር።

«በሉ እንግዲህ፣ ሌባው ነጻ ወጣ» አለ ዊልበርት።

ሱሲል ወደ ኋላ ዞሮ ተጣራ። «አንስለም አይያ፣ ለንደን ነጻ አውጥታዎታለች።»

አንስለም እግሩን ከመሪው አላወረደም። «ቤንዚን ልካለች?» አለ።

እንደገና ሳቅ ሆነ። እኔ አልሳቅኩም።

ከአርባ አንድ ዓመት በፊት የትምህርት ቤታችን ቡድን ካፒቴን ነበርኩ። አንስለም ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ፣ ትምህርቱን በነጻ የሚማረው በውርወራው ነው። የከተማችን መስሪያ ቤቶች ያን ጊዜ ለቡድናቸው ሲሉ ጥሩ ተጫዋች ይቀጥሩ ነበርና፣ አንዱ ትምህርቱን እንደጨረሰ ሊወስደው ቃል ገብቶለታል። ከወንዙ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ጋር በየዓመቱ የምንጋጠመው ትልቁ ግጥሚያ የመጨረሻ ሰዓት ላይ ደርሷል። እነሱ ለማሸነፍ የቀራቸው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ እኛ የቀረን አንድ ሰው ማስወጣት። በአንስለም በኩል የቆመው መቺ እየተቻኮለ መስመሩን ይለቅ ነበር። ሄጄ የአንስለምን ትከሻ ያዝኩና «ልጁ ቀድሞ ይወጣል። እንጨቶቹን አፍርስ» አልኩት።

«አንዴ ላስጠንቅቀው፣ ካፒቴን?»

«ያልኩህን አድርግ።»

አደረገ። ዳኛው ጣቱን አነሳ። «ሌባ» የሚል ድምፅ ከሜዳው አንድ ጥግ ተነሳና ዞረ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የደፋሁት ፈርቼ ነው። ሕዝቡ ግን በተጫዋቹ ማፈሩ ነው አለ፤ እስከ ዛሬም እንዲያ ይላል። ማታውን ርዕሰ መምህሩ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ መጥተው ይህን ያደረገው በማን ሐሳብ እንደሆነ ጠየቁ። አንስለም አየኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እፈታ ነበር። «በእኔ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

ዋንጫውን ትምህርት ቤቱ መለሰ። አንስለም ከቡድኑ ወጣ፤ መስሪያ ቤቱም ቃሉን አጠፈ። ቦታውን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁት ከዚያው ነው።

ዊልበርት አሁንም ያወራል። «ሕግ ሌላ፣ ጨዋነት ሌላ። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ኮኮናት ዛፍ ላይ ወጥቼ ነው ያየሁት። ይሄ ኒሃል» አለ በጣቱ እኔን እያመለከተ፣ «አንገቱን ሲደፋ እኔን ነው ያመመኝ። ተጫዋች ማለት እሱ ነው።»

ስንት ዓመት ይህንን ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ያን ቀን ለምን እንዳልቻልኩ አላውቅም፤ ምናልባት አንስለም ራሱ ከኋላችን ስለነበረ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አልኩ።

ዊልበርት ቀና ብሎ አየኝ።

«ላስጠንቅቀው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።»

ሽማግሌው እጄን ያዘኝ፤ ዓይኑ ረጥቦ ነበር። «አየህ ሱሲል? ሰውየው ሲቸገር አይቶ ሸክሙን ሊጋራው ነው። ነግሬሃለሁ፣ የዚያ ዘመን ሰው እንዲህ ነው።»

«ዊልበርት አይያ፣ እውነቴን ነው።»

«እውነትህን መሆኑን አውቃለሁ፣ ካፒቴን። ካፒቴን ምንጊዜም የተጫዋቹን ጥፋት በራሱ ላይ ያደርጋል።»

ማልኩ። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ አከበሩኝ። ከወዲያ ያሉት ሾፌሮች ሳይቀሩ ተጠግተው ይሰሙ ጀመር። በመጨረሻ «እሱን ጠይቁት» አልኩና ተያይዘን ወደ አንስለም ሄድን። ሱሲል ነው የጠየቀው። «አይያ፣ ያኔ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ይላሉ እሳቸው። እውነት ነው?»

አንስለም ከሱሲል ላይ ዓይኑን አንስቶ እኔ ላይ አሳረፈው። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ ከንፈሩ በሙቀቱ ተሰነጣጥቋል።

«ማንም አላዘዘኝም» አለ። «በራሴ ነው ያደረግኩት።»

ዊልበርት ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ከጎኑ ልቀመጥ ብዬ ስጠይቀው ከኋላ ያለውን የተሳፋሪ መቀመጫ በአገጩ አሳየኝ። ጀርባውን እያየሁ «ለምን ካድክ?» አልኩት።

ውሃውን ከፍቶ ግማሹን ጠጣና ክዳኑን መለሰ።

«ያኔ ብትናገር ሥራ ነበረኝ» አለ። «ከዐሥር ዓመት በኋላ እንኳ ብትናገር ልጄ አባትህ ሌባ ነው እየተባለ አይደበደብም ነበር። ትምህርቱን ጥሎ ዱባይ የሄደው በዚያ ነው። አሁን ለማን ነው የምትናገረው? እኔ ልሞት ደርሻለሁ። የምትናገረው ለራስህ ነው፤ ቀልሎህ እንድትተኛ። ላንተ ደግሞ አንድ ጊዜ ሠርቻለሁ። አይበቃም?»

«ሙቀቱ ጠና፣ ቤት ግባ፤ ባጃጅህን እኔ እጠብቃለሁ» አልኩት።

«ሂድ፣ ካፒቴን» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ገደማ ወረፋው ተንቀሳቀሰ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ነበርና ሁሉም ሞተሩን አስነሳ፤ ነዳጅ የጨረሰው ወርዶ ገፋ። ከኋላ ጥሩንባ ሰማሁ። አንዱ «ተኝቷል» አለ። መኪኖቹ አንድ በአንድ እየዞሩት ቦታውን ሲወስዱ በመስታወት አየሁና ወርጄ ሮጥኩ። አንስለም ግንባሩን መሪው ላይ አሳርፎ ነበር። ትከሻውን ስይዘው ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ብጠራው ግን አይመልስም።

ሱሲልና እኔ ተሸክመን መኪናዬ ውስጥ አስገባነው። ለወረፋው ብዬ የቆጠብኳት ጠብታ ሆስፒታል አደረሰችን። ሐኪሟ ብዙም አልደከመችም። ሞቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሆኖታል አለችን።

ቀብሩ ላይ ዊልበርት ተናገረ፤ ሳጥኑንም የሠራው እሱ ነው፤ ገንዘብ አልተቀበለም። «አንድ ጊዜ ተሳሳተ። ግን ካፒቴኑ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ጥፋቱን ሊሸከምለት ቆመ» አለ። ሰዎች ዞረው አዩኝ። አንዲት ሴት አለቀሰች። ተነስቼ ልናገር አሰብኩ፤ በሳጥኑ ፊት ይበልጥ የሚያስከብረኝ እንጂ የሚያሳፍረኝ ቃል ግን አላገኘሁም።

ሰው ሲበተን የአንስለምን ሚስት ማልካንቲን ቤታቸው ጓሮ አገኘኋት። የሻይ ስኒ ታጥባለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እጥበቷን ሳታቋርጥ ሰማችኝ።

«በተጋባን ሰሞን ነግሮኛል» አለች። «እኔም ለሰው ነግሬ ነበር። ለባሏ ትዋሻለች አሉኝ፤ ተውኩት። እሱ ግን ለብዙ ዓመት ይጠብቅህ ነበር፤ በር ሲንኳኳ ቀና ይል ነበር።» አንድ ስኒ ገልብጣ አስቀመጠች። «በኋላ ቀና ማለቱን ተወ። አሁን ሂድ፣ እንግዶች አሉብኝ።»

ለቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ደብዳቤ ጻፍኩ። መጽሔቱ ላይ እንዲያወጡት አንዱንም ሳልደብቅ ዘረዘርኩ። ሊቀመንበሩ በሦስተኛው ሳምንት ደወለልኝ። ደብዳቤው ልቡን እንደነካው ነገረኝ። ነገር ግን የሟቹ ቤተሰብ ቁስል እንዳይቀሰቀስ፣ ለትምህርት ቤቱም ስለማይበጅ፣ የማኅበሩ ሰዎች እንዳያወጡት ተስማምተዋል።

«አንተ ለእሱ የምትችለውን አድርገሃል» አለኝ።

ዊልበርት ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ወንበር ያወጣልኛል። ጨዋታ ሲነሳ፣ ስለ ሕጉም ስለ ድሮዎቹም ሲከራከሩ፣ ተነስቼ እሄዳለሁ። ሐዘኑ አልወጣለትም ይላሉ።